ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ከሁለት ሕፃናት ጋር፦ ደህንነታቸውን እንዴት ልጠብቅ? በምንስ ላጫውታቸው?

እናት ከደሴ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። በመጪው ወር ከአራት ዓመት ወንድ ልጄና ከስምንት ወር ሴት ልጄ ጋር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ አስቤአለሁ። አማቴ ታናሿን የልጅ ልጃቸውን እስካሁን አላዩዋትም፤ ዕድሜም ስለተጫናቸው እርሳቸው እስኪመጡ መጠበቅ አልቻልንም። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ አብራኝ የምትሄደው ታናሽ እህቴ ናት።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ንጋት ላይ ደሴን በጋቢ ተሸፍነን እንለቃለን፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ላብ በላብ ያደርገናል፣ ጣርማ በር ላይ ስንወጣ ደግሞ ጉምና ብርድ ይቀበለናል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለሚያልፍ ሕፃን ምን ማልበስ እንደሚገባ፣ ምን ማብላት እንደሚሻልና የትኛው ወንበር ላይ መቀመጥ እንዳለብን ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ዘመዶቼ «ልጅ ስለያዝሽ ጋቢና ይሰጡሻል፣ እዚያ ሰፋ ብለሽ ትቀመጫለሽ» ይሉኛል።

ወንዱ ልጄ መኪና አይስማማውም፤ ገና ሐረጎን ስንወርድ ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል። አንዲት ጎረቤቴ ከመነሣታችን በፊት የሚያስተኛ ሽሮፕ እንድሰጠው መክራኛለች፤ እርሷ ለልጆቿ ሰጥታ ምንም አልሆኑም። በስልክ ካርቱን ላሳየው ስሞክር ማስመለሱ ይብስበታል። ስለዚህ ያለ ስልክ ይህን ሁሉ ሰዓት እንዴት አድርጌ እንደማቆየው ጨንቆኛል። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ነርስ፣ ደሴ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ አነበብሁት። ከሁሉም በፊት መልስ የሚፈልገው የሽሮፑ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ልጅ እንዲተኛ እየተባሉ የሚሰጡት ሽሮፖች አብዛኞቹ ለአለርጂ ወይም ለጉንፋን የተሠሩ ናቸው፤ እንቅልፉ የጎንዮሽ ውጤታቸው ነው። ከእነዚህ መካከል ፕሮሜታዚን የተባለው ትንፋሽን እስከማስቆም ሊደርስ ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጨርሶ አይሰጥም። ለታላቁም ቢሆን ክብደቱን አይቶ መጠኑን የሚወስን ባለሙያ ሳይኖር በማንኪያ ግምት መስጠት አይገባም። በመድኃኒት የደነዘዘ ልጅ ቢያስመልሰው ትውከቱ ወደ መተንፈሻው ሊገባ እንደሚችልም አይርሱ። የጎረቤትዎ ልጆች ምንም አለመሆናቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን የአንድ ልጅ መጠን ለሌላው አይሆንም። የልጅዎ ማስመለስ የሚያሰጋ ከሆነ ከጉዞው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ፤ ለዕድሜው የሚሆን የጉዞ መድኃኒት ካስፈለገው እዚያ ይታዘዝለታል።

መኪና የማይስማማቸው በብዛት ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ምክንያቱም ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ክፍል «እየተንቀሳቀስን ነው» እያለ፣ ዓይን ግን የፊት ወንበሩን ጀርባ ወይም የስልኩን መስታወት ብቻ ስለሚያይ «ቆመናል» ስለሚል ነው። ካርቱኑ የሚያባብስበትም ለዚሁ ነው። ልጁ ወደ ፊት አሻግሮ መንገዱንና ተራራውን የሚያይበት ቦታ ላይ ቢቀመጥ በጣም ይረዳዋል። ባዶ ሆድም፣ ቅባት የበዛበት ቁርስም ማቅለሽለሽን ያባብሳሉ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ትንሽ ዳቦ ወይም ሙዝ ይብላ፤ ፍርፍሩና ወተቱ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ። ሐረጎ ገና ጉዞው ሲጀመር የሚመጣ ቁልቁለት ስለሆነ ከኮምቦልቻ በኋላ በሜዳው ላይ የተረጋጋ ቁርስ መስጠት ይሻላል። ሁለት ሦስት ፌስታል ያልተቀደደ መሆኑን አይታችሁ በእጃችሁ አጠገብ አስቀምጡ፤ በሻንጣ ውስጥ ያለ ፌስታል በሚፈለግበት ሰዓት አይደርስም። ፌስታሉ ግን በልጆቹ እጅ አይግባ።

የስምንት ወሯን ልጅ በተመለከተ፣ ጡት የምትጠባ ከሆነ ከጡት የተሻለ የጉዞ ምግብ የለም፤ ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱም የተመጠነ ነው፣ ያረጋጋታልም። ሽቅብና ቁልቁል ላይ ጆሮዋ ሲደፈንም መዋጡ ይከፍትላታል። ተጨማሪ ምግቧን በተመለከተ ገንፎ ጠዋት አብስሎ እስከ ከሰዓት ማቆየት በዚያ የቆላ ሙቀት አደገኛ ነው። በፔርሙዝ የተያዘ ለብ ያለ ወተትም እንዲሁ ነው፤ ለብታው ጀርም ለመራባት ይመቸዋል። የዱቄት ወተት የምትጠጣ ከሆነ የፈላውን ውሃ በፔርሙዝ፣ ዱቄቱን በደረቅና ንጹሕ ዕቃ ለየብቻ ይዛችሁ፣ በምትፈልግበት ሰዓት በጥብጣችሁና አቀዝቅዛችሁ ስጧት፤ የተረፈውን አፍስሱት። ልጣጩ ያልተነካ ሙዝና በልጣጩ የተቀቀለ ድንች ለእርሷም ለታላቁም ይሆናሉ፤ በሰዓቱ ተልጠው በንጹሕ ማንኪያ ይፈጫሉ። በየማቆሚያው ከምትገዙት ምግብ ደግሞ ትኩስ የሆነውን ብቻ ምረጡ፤ የተከተፈ ፍራፍሬና ክፍት የቆየ ጭማቂ ለልጆች አትግዙ።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ ቢያንስ ሁለት ፓኬት ያዙ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ተከትሎ መበጥበጥ ግድ ነው፤ አብዛኛው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ ነው። «ለልጅ ይበዛል» ብሎ ግማሹን ፓኬት በግምት ውሃ መበጥበጥ ጨውን ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል፤ ስኳርም አይጨመርበትም። ከተበጠበጠ በኋላ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ተቅማጥ ከያዛቸው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ለትንሿ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለታላቁ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ቀስ በቀስ ይሰጣል። ዓይኗ ከሰረጎደ፣ እያለቀሰች እንባ ካጣች፣ እርግብግቢቷ ከጎደጎደ ወይም ለብዙ ሰዓት ሽንት ካልሸናች መንገዱን አቋርጣችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ግቡ። አዲስ አበባ እስክንደርስ እንታገሥ ማለት አይገባም።

ልብስን በተመለከተ አንድ ወፍራም ቱታ ከማልበስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ ሐርቡ ሲደርሱ አንዱን ታወልቃላችሁ፣ ከሚሴ ላይ ሌላውን፣ ከደብረ ሲና በፊት መልሳችሁ ትደርባላችሁ። ሕፃኗ እንደሞቃት ለማወቅ እጅና እግሯን አትዳብሱ፤ እነርሱ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛሉ። ማጅራቷን ይንኩ፤ ላብ ካገኙበት አንድ ልብስ ይነሣላት።

በመንገድ ላይ ማደር ካጋጠማችሁ፣ በተለይ ከሚሴ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ፣ አካባቢው ወባ ያለበት ቆላ ስለሆነና የወባ ትንኝ የምትናከሰው በሌሊት ስለሆነ ልጆቹ ያለ አጎበር አይተኙ። ትንኟ ከተናከሰች በኋላ ምልክቱ የሚታየው ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ነውና፣ አዲስ አበባ ገብታችሁ ትኩሳት ቢመጣ የት እንዳደራችሁ ለባለሙያው መንገር አትርሱ።

የመስመሩ ሹፌር፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ በዚህ መስመር ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነኝና ስለ ወንበሩ የምነግርዎትን ከልብዎ እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። ጋቢና ለእናት መስጠት የአክብሮት ልማድ ነው፤ ተሳፋሪውም ሹፌሩም ከደግነት ነው የሚያደርጉት። ነገር ግን በግጭት ጊዜ ከመኪናው ሁሉ በፊት የሚመታው ያ ቦታ ነው። መኪናው ሲጋጭ በእቅፍ ያለ ሕፃን ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከክብደቱ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጉልበት ያለው አባት እንኳ አጥብቆ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ጋቢናውን ሲሰጡዎት አመስግነው ለሌላ ሰው ይተዉት፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ።

ከቻሉ በሚኒባስ ከመሄድ ይልቅ የወንበር ቁጥር ያለውና ቀበቶው የሚሠራ ትልቅ አውቶቡስ ይምረጡ። ትኬቱን ቀደም ብለው ይቁረጡና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለውን ወንበር ይጠይቁ፤ መንገጫገጩ እዚያ ይቀንሳል፣ ወንዱ ልጅዎም ወደ ፊት ማየት ይችላል። በበሩ ትይዩ ያለው ወንበር ግን ከፊቱ የሚደግፈው ነገር ስለሌለ ለልጅ አይሆንም። ለአራት ዓመቱ ልጅ የራሱን ወንበር ይግዙለት። ገንዘብ እንደሚያስወጣ አውቃለሁ፤ ግን ከሌላ ወጪ ቀንሶ እዚህ ላይ ማዋል ይገባል። እርስዎ በታሰሩበት ቀበቶ ውስጥ ልጁን አብሮ ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ መኪናው ቢጋጭ የእርስዎ ክብደት በልጁ ላይ ያርፋል። እርስዎ ለብቻዎ ይታሰሩ፣ ልጁም ለብቻው።

በቤት መኪና የሚሄድ ዘመድ ካላችሁና ለሕፃኗ የሚሆን የመኪና ወንበር በውሰት ቢሆንም ከተገኘ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ወንበሩ ከኋላ፣ የልጅቷ ፊት ወደ ኋላ ዞሮ ይታሰራል። ፊቷ ወደ ኋላ የሚዞረውን ወንበር ኤርባግ ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ ማድረግ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የጣርማ በርን አቀበት ነው። እኔ ለልጆች የምፈራው መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ነው። ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡና የሚወጡ ተሳቢዎች አሉ፤ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ባጃጁም ሻጩም አውቶቡሱን ይከበዋል። ልጆች ብዙ ሰዓት ታፍነው ስለቆዩ በሩ ሲከፈት ዘለው መውጣት ይፈልጋሉ። ሁለት አዋቂዎች ስለሆናችሁ አንዳችሁ መጀመሪያ ውረዱና ከታች ሆናችሁ ተቀበሉት፤ እጁ ሳይያዝ እግሩ አስፋልት አይንካ። በመኪናው ፊት ለፊት ወይም ከኋላው ተከልሎ መንገድ ማቋረጥ፣ ከጎማው አጠገብ ተቀምጦ መሽናት፣ ሁለቱም ክልክል ይሁኑ። ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ ትንሽ ልጅን ማየት አይችልም።

ለረዳቱ ገና መናኸሪያ ሳላችሁ ልጅ እንደያዛችሁና በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማቆም እንደምትፈልጉ በትሕትና ንገሩት። አስቀድሞ የተነገረው ረዳት ይተባበራል። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ከዋዜማው ከመናኸሪያው አረጋግጡ፤ ከልጆች ጋር ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ማደር ለማንም አይመከርም።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ስለ ጨዋታው እኔ ልመልስ፤ ይህ ጥያቄ ከደህንነቱ ጥያቄ የተለየ አይመስለኝም። የተሰላቸ ልጅ ነው ወንበር ላይ የሚቆመው፣ ቀበቶውን የሚፈታው፣ እጁን በመስኮት የሚያወጣው። ልቡ ሥራ ያገኘ ልጅ ግን ተቀምጦ ይቆያል።

በዚህ መስመር ላይ ከመስኮቱ የተሻለ መጫወቻ የለም፤ ወደ ውጭ መመልከቱም ማቅለሽለሹን ይቀንስለታል። ከጉዞው አስቀድመው ባሉት ቀናት መንገዱን እንደ ተረት ይንገሩት። «መጀመሪያ ተራራውን እንወርዳለን፣ ቀጥሎ ቦርከና የሚባለው ወንዝ አብሮን ይሄዳል፣ ከዚያ ግመሎች እናያለን፣ በመጨረሻ በተራራ ሆድ ውስጥ እናልፋለን» ይበሉት። ልጁ የሚጠብቀው ነገር ካለው «መቼ ነው የምንደርሰው?» የሚለው ጥያቄ «ግመሉ መቼ ነው የሚመጣው?» ወደሚል ይለወጣል፤ ለዚህኛው ደግሞ መልስ አለዎት። ከሚሴን አልፋችሁ በካራቆሬና በአጣዬ አድርጋችሁ እስከ ሰንበቴ ባለው ቆላ ግመል መታየቱ የተለመደ ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ ውሃ ካለ ወፎችና የከብት መንጋ ያያል። ደብረ ሲና አካባቢ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ሊያይ ይችላል። መጀመሪያ ያየ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ይናገር፤ እህትዎም አብራ ትጫወት፣ አንዳንድ ጊዜም እርሱ ይቅደማት።

የጣርማ በርን ዋሻ በተለይ እንዲያዘጋጁለት እመክራለሁ። ዋሻው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ሲሆን ርዝመቱ 587 ሜትር ነው፤ ለትንሽ ልጅ ድንገት የሚመጣ ጨለማ ሊያስፈራው ይችላል። እኔ ለልጆቼ ያደረግሁት ይህን ነው። መኪናው ወደ ዋሻው አፍ ሲጠጋ «ኩኩሉ» እላቸዋለሁ፤ እነርሱም ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው «አልነጋም» ይላሉ። ጨለማው እስኪያልቅ «ኩኩሉ»፣ «አልነጋም» እንባባላለን። ብርሃኑ በወዲያኛው ጫፍ ብቅ ሲል «ነጋ!» ብለው እጃቸውን ይገልጣሉ። ትንሹ ልጄ ዋሻውን ፈርቶ አያውቅም፤ እንዲያውም እንደገና ካልገባን ብሎ አለቀሰ።

ሜዳው ረዘም ሲል እንቆቅልሽ ጀምሩ። ለአራት ዓመት ልጅ እንቆቅልሹ ከፊቱ ካለው ነገር ቢወጣ ይቀለዋል። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» «ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፣ መንገዱን ግን አይለቅም» ስትይው ቦርከናን እያየ ሊደርስበት ይችላል። «ተራራ አዝሎ በረሃ ያቋርጣል» ሲባል ግመሉን ያስታውሳል። ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ማለቱን አትተዉ፤ ልጁ የሚወደው ይህን ነው፤ ኮምቦልቻን ሰጥቶ፣ ደሴን ሰጥቶ፣ የአያቱን ቤት ግን አልሰጥም ሲል ትሰሙታላችሁ። ከዚያ እርሱ ይጠይቅ። የሚጠይቀው እንቆቅልሽ ፍቺ የሌለው ቢሆንም በቁም ነገር ለመፍታት ሞክሩለት።

ተረት ስትነግሩት ሁሉንም እናንተ አትጨርሱት። አያ ጅቦ አውቶቡስ ቢሳፈር የት ይቀመጣል? ጦጢት ለረዳቱ ምን ብላ ትከፍላለች? እያላችሁ ጠይቁትና ታሪኩን እርሱ ይቀጥል። ፊደል የጀመረ ከሆነም በየከተማው ሰሌዳ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይፈልግ፤ ይህን ግን መኪናው ቀስ ሲል ብቻ አድርጉት፣ ማተኮሩ ሊያቅለሸልሸው ይችላል።

ለስምንት ወሯ ልጅ ብዙ ነገር አያስፈልግም። አንድ ትልቅ መሐረብ ወስደው አንዱን ጫፍ ቋጥረው ራስ፣ ሁለቱን ጫፎች ቋጥረው እጅ ያድርጉለት፤ ይህ አሻንጉሊት ታኝከዋለች፣ ትጎትተዋለች፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ቢቆሽሽ ይታጠባል። ጨሌ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የትንሽ መጫወቻ ባትሪ ግን ከሁለቱም ልጆች አጠገብ ይራቁ። አሻንጉሊቶቹን በአንድ ጊዜ አታውጡ፤ አንዱ ሲሰለች ይደበቅና ሌላው ይውጣ። እሹሩሩውን ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓቷ ሲደርስ ቤት በምትሉበት ድምፅና ዜማ በሉላት። ቦታው ቢለወጥም ድምፁ ያው ስለሆነ ትረጋጋለች።

አባት፣ ኮምቦልቻ

ሌሎች ስለ መንገዱ በሚገባ ስለተናገሩ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ገንዘቡ የሚቻል ከሆነ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ በእናቷ እቅፍ ስለምትሄድ የምትከፍለው ከመደበኛው ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፤ የአራት ዓመቱ ልጅ ግን የራሱ መቀመጫ ይኖረዋል። የሁለቱንም የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ትንሿ ትጥባ፣ ታላቁ ውሃ እየተጎነጨ ይዋጥ፤ ጆሮ የሚያምመው ከመውጣቱ ይልቅ በመውረዱ ነው። በአውሮፕላን ሄዶ በአውቶቡስ መመለስም ይቻላል፤ ባለቤትዎ ለመመለሻው ፈቃድ ካገኙ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

እናት ከደሴ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አላህ ልጆቻችሁን ይጠብቅላችሁ። ሽሮፑን ትቼዋለሁ። ጋቢናውንም እንዲሁ። አውሮፕላኑን ከባለቤቴ ጋር እንመካከርበታለን፤ ለአሁኑ ግን በአውቶቡስ እንደምንሄድ አስባለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች «ልጁን ንፋስ ይመታዋል» እያሉ መስኮት ያዘጋሉ፤ እኔም ሕፃኗን በነጠላ ሸፍኜ መያዝ ለምጃለሁ። ይህ በቆላው ሙቀት ውስጥ ልክ ነው? ሁለተኛው፣ ልጄ ቆሎ በጣም ይወዳል፤ ደብረ ሲና ስንደርስ ሁሉም ሰው ቆሎ ሲገዛ እርሱን ከልክዬ መቆየት የምችል አይመስለኝም።

አያት፣ ደሴ

ልጄ፣ ስለ መስኮቱ እኔ ልንገርሽ። እኛም ልጆቻችንን ስናሳድግ ብርድን በጣም እንፈራ ነበር፤ በደሴ ብርድ ይህ አይገርምም። ነገር ግን ያ ነጠላ ደሴ ላይ የሚጠቅም፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚጎዳ ነው። ፊቷ የተሸፈነ ሕፃን የራሷን ትንፋሽ መልሳ ትተነፍሳለች፣ ሙቀቱም ይጨምርባታል፤ እናቷ ደግሞ ፊቷን ስለማታይ መታመሟን ቶሎ አታውቅም። ነጠላውን ከትከሻዋ በታች አድርጊው። ፀሐይ በመስኮት ከገባባት ነጠላውን በመስኮቱ ላይ አንጠልጥይው እንጂ በፊቷ ላይ አታድርጊው። ስትቀመጡም ረዳቱን ፀሐይ በየትኛው ወገን እንደምትበዛ ጠይቂውና በጥላው በኩል ተቀመጪ፤ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ ጠዋት ፀሐይ የምታርፈው በግራ በኩል ነው፣ ከሰዓት በቀኝ።

ስለ ሰዎቹ አትጨነቂ። መኪናው ሳይነሣ ከፊትና ከኋላሽ ያሉትን ሰላም ብለሽ ስማቸውን ጠይቂ፣ ልጆቹንም አስተዋውቂያቸው። የወሎ ሰው ልጅን ካወቀው የራሱ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ «እናቴ፣ ልጅቷ ላብ አጥምቋታል፣ ከኋላ ያለው መስኮት ትንሽ ይከፈት» ብትያቸው የሚከለክልሽ የለም። የፊተኛው ንፋስ ቀጥታ ስለሚመታ ከኋላዋ ያለው ይሻላል። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሰው ሁሉ ልጁን አቀብይኝ ይልሻል፣ ደስም ይላል፤ ሆኖም መኪናው በሚሄድበት ሰዓት ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ አትዙር። ሲቆም ያቅፏት።

ነርስ፣ ደሴ

እናታችን ስለ ነጠላው የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ቆሎውን ልመልስ።

አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎም ሆነ ለውዝ በመኪና ውስጥ መስጠት አይገባም። በዚህ ዕድሜ የመንጋጋ ጥርስ ጠንካራ ፍሬን በሚገባ ለመፍጨት ገና አልበቃም፣ የመተንፈሻ ቱቦውም ጠባብ ነው፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ወይም ልጁ እየሳቀ ሳለ አንዲት ፍሬ ወደ ሳንባ ልትገባ ትችላለች። የገብሱን ጣዕም ከወደደ በሶ በማር ተለውሶ ጭብጦ ይሠራለት፤ በትንንሹ ተቆርሶ፣ ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ከውሃ ጋር ይብላው። ሌላው ሰው ቆሎ ሲያወጣ እርስዎ ጭብጦውን ያውጡ፤ ባዶ እጁን እንዲመለከት አታድርጉት። ለሕፃኗ ግን ማር አንድ ዓመት እስኪሞላት አይሰጥም፤ ከባድ የሆነ የመመረዝ በሽታ ሊያስከትልባት ይችላል። በመኪና ውስጥ ያለ ሰው ለልጁ በእፍኙ ቆሎ ሲዘግንለት በፍቅር ነውና፣ ተቀብለው አመስግነው በኪስዎ ያድርጉት።

ምናልባት አንቆት ቢያገኙት፣ በኃይል እያሳለ ከሆነ ተዉት ይሳል፤ ሳሉ ከማንኛውም ነገር የተሻለ ያወጣዋል። ድምፅ ካጣ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ ሥር አምስት ጊዜ ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቆመው ወይም ተንበርክከው፣ አንድ እጅዎን ጨብጠው ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ አጥንት በታች ያድርጉና በሌላው እጅዎ ይዘው አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይግፉ። ሁለቱን እያፈራረቁ ይቀጥሉ።

ሕፃኗን ግን ሆዷን አይጫኗት። በክንድዎ ላይ በደረቷ አስተኝተው፣ ራሷን ከደረቷ ዝቅ አድርገውና አገጯን ደግፈው፣ ጀርባዋን አምስት ጊዜ ይምቱ፤ ከዚያ በጀርባዋ ገልብጠው ደረቷን መሐል ላይ በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ይጫኑ። የሚታይ ነገር ከሌለ ጣትዎን በጉሮሮ ውስጥ አይክተቱ፤ ይበልጥ ሊገፉት ይችላሉ። ይህን ሲያደርጉ እህትዎ መኪናውን ታስቁምና ወደ 907፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ትደውል። ከጉዞው በፊት እህትዎም ይህን በአሻንጉሊት ላይ ብትለማመደው መልካም ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ካላችሁ ባለሙያ በእጅ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።